አዲስ ሃይብሪድ መኪና፦ ደሴ እስኪገባ ስንት ነው?

ደሴ ፒያሳ ላይ ቡና ይዞ የተቀመጠ ሰው መኪና ሊገዛ መሆኑን አንዴ ካወራ ከሰዓት በኋላ ስልኩ አያርፍም። «ሃይብሪድ አለ፣ ዜሮ ዜሮ ነው፣ ከነፕላስቲኩ» ይላል አንዱ ደላላ። «አምስት ሁለት ይሉታል፣ ግን አንተ ከሆንክ አምስት ዜሮ አምስት አስጨርስልሃለሁ።» በመኪና ገበያ ቋንቋ 5.2 ሚሊዮን ብር የነበረው 5.05 ሆነ ማለት ነው። መቶ ሃምሳ ሺህ ብር በአንድ ስልክ ተቀነሰ። ደስ ይላል። ግን 5.2 ራሱ ከየት መጣ? ከየት እንደመጣ ከማይታወቅ ቁጥር ላይ የተነሳ ብር ቅናሽ አይባልም።

ወሎ ውስጥ ለሰው የክርክር ብልሃት ላስተምር ብል ይሳቅብኛል። ሰኞ ገበያ ከእናቱ ጋር እየዞረ ያደገ ልጅ ከእኔ በላይ ያውቃል። የመኪና ዋጋ የሚያደናግረው ሻጩ አፈ ጮሌ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዋጋው ብዙ ቁራጭ ስላለው ነው። አንዱን ቁራጭ ይቀንሱልህና በሌላው ይወስዱታል። ዋጋው ይወርዳል፣ ቫቱ ለብቻ ይመጣል። ቫቱ ይካተታል፣ ታርጋና ስም ዝውውሩ በገዢ ይሆናል። ስለዚህ ክርክሩ በአንድ ቁጥር ላይ ብቻ ይሁን፦ መኪናው በስማችሁ ሆኖ፣ ታርጋ ለጥፎ፣ ደጃችሁ እስኪቆም ድረስ ከኪሳችሁ የሚወጣው ጠቅላላ ብር። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ይህን ቁጥር አስቀድሞ ለማወቅ ነው።

የምን ሃይብሪድ ነው?

ሃይብሪድ ማለት ቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር አብሮ ያለው መኪና ነው፣ ሻጮች በዚህ ስም የሚጠሩት ግን አንድ ዓይነት መኪና አይደለም። ቢያንስ ሦስት ዓይነት አለ፣ የሦስቱም ዋጋ አንድ ሊሆን አይችልም።

የመጀመሪያው ቀላል ሃይብሪድ ነው። ብዙ ጊዜ 48 ቮልት የሆነ ትንሽ ባትሪና ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አለው። ቤንዚን ሞተሩን ያግዘዋል እንጂ መኪናውን ብቻውን አይነዳም። የሚቆጥበው ነዳጅም ትንሽ ነው። ለዚህ «ሃይብሪድ ነው» ተብሎ ብዙ ብር ቢጨመርበት እኔ አልከፍልም።

ሁለተኛው ሙሉ ሃይብሪድ ነው። ቶዮታ በዓለም ላይ ያስለመደው ይኼን ነው። ሶኬት አይሰካም። በዝግታ ሲሄድና ሲነሳ በኤሌክትሪክ ብቻ ይነዳል። ባትሪውን ቤንዚን ሞተሩ ይሞላዋል፣ ፍሬን ሲያዝና ቁልቁለት ሲወረድም የሚባክነው ጉልበት ተመልሶ ባትሪ ውስጥ ይገባል።

ሦስተኛው ሶኬት የሚሰካው ነው። ባትሪው ትልቅ ነው፣ ቤት ውስጥ ቻርጅ ይደረጋል፣ ከተማ ውስጥ ቤንዚን ሳይነካ በአስር የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የቻይናው አምራች ቢዋይዲ «ዲኤም አይ» የሚላቸው መኪኖች የዚህ ወገን ናቸው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሶንግ ፕላስ የሚባለው መኪና በሁለት መልክ ይመረታል፣ አንዱ ሙሉ ኤሌክትሪክ፣ ሌላው ሶኬት ያለው ሃይብሪድ። ከሩቅ ያየ ሰው አይለያቸውም። የታክስ አያያዛቸው ግን የተለያየ ነው። «ባለፈው ሳምንት እንዲህ ያለ በዚህ ዋጋ ተሸጧል» ሲሏችሁ የትኛው እንደተሸጠ ጠይቁ።

ይህን ሳይለዩ ሁለት ሻጭ ማወዳደር ዋጋ የለውም። ስልክ ስትደውሉ ሞዴሉን፣ የሞዴል ዓመቱን፣ የሞተሩን መጠንና የባትሪውን አቅም በኪሎዋት ሰዓት አብራችሁ ጠይቁ። የባትሪውን አቅም የማያውቅ ሻጭ የሚሸጠውን አያውቅም፣ ወይም እንድታውቁት አይፈልግም።

መኪናው እንዴት ገባ?

በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። ሃይብሪድ ደግሞ ባትሪ ቢኖረውም ቤንዚን የሚጠጣ ሞተር አለው። ስለዚህ «አዲስ ሃይብሪድ» ሲቀርብላችሁ ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው መቼና በምን መንገድ ገባ የሚለው ነው። መልሱ በቃል አይበቃም፣ ወረቀት ነው የሚታየው። ወረቀቱ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ይባላል። ቀኑ፣ የሻንሲ ቁጥሩ (መኪናው አካል ላይ የተቀረጸው መለያ)፣ የተገመተበት ዋጋና የተከፈለበት ቀረጥና ታክስ እዚያ ላይ አለ።

ገበያው ላይ የእገዳው ውጤት ግልጽ ነው። የሚሸጠው ትንሽ፣ የሚፈልገው ብዙ ሆነ። አዲስ አበባ ሳይሆን ደሴና ኮምቦልቻ የሚኖር ሰው ደግሞ ሃይብሪድ የሚፈልግበት የራሱ ምክንያት አለው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደብረ ሲና አቀበት፣ በሸዋ ሮቢት ሙቀት። በሙሉ ኤሌክትሪክ መኪና ይህን መንገድ መሄድ ቻርጅ የት አደርጋለሁ የሚል ሐሳብ ይዞ መሄድ ነው። ሻጩም ይህን ያውቃል። ደሴ ላይ ኤሌክትሪኩን ሳይሆን ሃይብሪዱን የሚያስወድደው አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

ዋጋው ከምን ተሠራ?

አሁን ወደ ሆዱ እንግባ። ከውጭ የሚገባ መኪና ዋጋ የሚጀምረው ከግዢው፣ ከመጓጓዣውና ከመድኑ ድምር ነው። በዚያ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ ይታሰባል። ቀጥሎ ኤክሳይዝ ታክስ የሚታሰበው ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ነው። ቫት 15 በመቶ ሲሆን የሚታሰበው ኤክሳይዙም ከተደመረ በኋላ ነው። ሱር ታክስ 10 በመቶ ደግሞ በሁሉም ድምር ላይ ይታሰባል። ታክስ በታክስ ላይ ይቆማል ማለት ነው። ሌሎች ትናንሽ ክፍያዎችም አሉ፣ እነሱን ለጊዜው እንተዋቸው።

በቁጥር እንየው። መኪናው ድንበር ሲደርስ 1,000,000 ብር ነው እንበል። ቀረጡን 30 በመቶ፣ ኤክሳይዙን 5 በመቶ ብለን እንያዝ። ከቀረጥ በኋላ 1,300,000 ይሆናል። ከኤክሳይዝ በኋላ 1,365,000። ከቫት በኋላ 1,569,750። ከሱር ታክስ በኋላ 1,726,725። አሁን ኤክሳይዙን ብቻ 60 በመቶ እናድርገው፣ ሌላው ባለበት ይቆይ። መጨረሻው 2,631,200 ይመጣል። ያው መኪና፣ ያው የውጭ ዋጋ፣ ከ900,000 ብር በላይ ልዩነት።

እኔ የወሰድኳቸው መጣኔዎች ስሌቱን ለማሳየት ነው። የእናንተ መኪና የተከፈለበት ዲክላራሲዮኑ ላይ ተጽፏል። ዋናው ነገር በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ቁጥር 1186 መጣኔውን በሞተር መጠንና በመኪናው ዕድሜ ከፍና ዝቅ ማድረጉ ነው። ላረጁ መኪኖች እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። ሙሉ ኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ በአውሮፓውያኑ 2022 በወጣ ውሳኔ ከኤክሳይዝ፣ ከቫትና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርገው፣ ተገጣጥመው የሚገቡት 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ ተጣለባቸው። የታክስ ነገር ይለዋወጣል፣ የሚቆጠረው የእናንተ መኪና በተቀረጠበት ቀን የነበረው ነው። አንድ ሻጭ በኤሌክትሪክ ስም በቀላል ታክስ የገባ መኪና በቤንዚን መኪና ዋጋ ሊሸጥላችሁ ከሞከረ የምታውቁት ይህን ስታውቁ ነው።

ዲክላራሲዮኑን አሳዩኝ ስትሉ አንዳንዱ ቅር ይለዋል። ይበለው። ስሙ ሲዛወር ለማንኛውም የሚያስፈልግ ወረቀት ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ጉምሩክ የገመተው ዋጋና አስመጪው ውጭ የከፈለው ዋጋ አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ የነጋዴውን ወጪ እስከ ሳንቲሙ አይነግራችሁም። የት አካባቢ እንደሆነ ይነግራችኋል። ለክርክር ይህ ይበቃል።

«ዶላር ጨምሯል»

ይህን ሳይሰማ መኪና የገዛ ሰው የለም። ውሸትም አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህም መጨመሩን አላቆመም።

ጥያቄው ግን ይቺ የቆመችው መኪና በየትኛው ዶላር ገባች የሚለው ነው። መልሱ ያው ዲክላራሲዮኑ ላይ ባለው ቀን ይታወቃል። ከስምንት ወር በፊት ተቀርጣ የቆመች መኪና በዛሬ ዶላር ስትጠራ ቀስ ብላችሁ ቀኑን አንሱ።

ነጋዴውን ግን ሌባ አታድርጉት። እሱ የሚያስበው ይቺን ሸጬ ሌላ ለመተካት ስንት ያስፈልገኛል ብሎ ነው። ይህም የንግድ ሐቅ ነው። በእኔ አስተያየት ተገቢው ዋጋ በሁለቱ መካከል ነው፤ በገባችበት ዋጋና በምትተካበት ዋጋ መካከል። ብሩ ለወራት ቆሞበት የቆየ ሻጭ ወደ መጀመሪያው ይጠጋል። ትናንት አምጥቶ ሁለት ገዢ የሚጠብቀው ሻጭ ወደ ሁለተኛው።

ሃይብሪድነቱ ለደሴ ሰው ስንት ያወጣል?

ሁለት ተመሳሳይ መኪና አሉ እንበል፣ አንዱ ቤንዚን ብቻ፣ ሌላው ሃይብሪድ። ልዩነታቸው 600,000 ብር ነው። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ትነዳላችሁ። ቤንዚኑ በመቶ ኪሎ ሜትር 8 ሊትር፣ ሃይብሪዱ 5 ሊትር ይበላል። በዓመት የምታተርፉት 450 ሊትር ነው። ሊትሩን በ120 ብር ብናስበው 54,000 ብር። 600,000ውን ለመመለስ ከ11 ዓመት በላይ ይወስዳል። ብዙ የምትነዱ ከሆነ ያጥራል፣ ቤንዚን ሲወደድ ያጥራል። ሻጩ «ነዳጅ አይበላም» ሲል ግን ይህን ስሌት በጭንቅላታችሁ ያዙ። በነዳጅ ቁጠባ ብቻ ከሆነ ብዙ ጭማሪ አይገባውም።

ነዳጅ ብቻ ግን አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ያለ ቱርቦ የሚሠራ ቤንዚን ሞተር አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ። የኤሌክትሪክ ሞተር ይህ አይመለከተውም። ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ ወደ ደሴ የሐረጎን አቀበት ስትወጡ ልዩነቱ በእግራችሁ ሥር ይሰማችኋል። የቤንዚን ሰልፍ ላይ ተሰልፎ የዋለ ሰው ደግሞ እያንዳንዱ ሊትር ከዋጋው በላይ እንደሆነ ያውቃል።

ሐረጎን ሲወርዱስ? እዚህ ላይ ሻጮች ያጋንናሉ። «ቁልቁለት ሲወርድ ራሱ ቻርጅ ያደርጋል፣ ቤንዚን እርሳው» ይላሉ። እውነት አለው፣ ልክ ግን አለው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የሚወረደው ከፍታ ወደ 600 ሜትር ነው። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ነፋሱና ጎማው ከዚህ ላይ ብዙ ይበላሉ። የሙሉ ሃይብሪድ ባትሪ ደግሞ ጠቅላላ አቅሙ ብዙውን ጊዜ 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ እሱም እስከ አፉ እንዲሞላ አይደረግም። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳያልቅ ባትሪው ሊሞላ ይችላል። ከዚያ በኋላ መኪናው በሞተሩ እየያዘ ይወርዳል፣ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ሲል አትደንግጡ። ሶኬት ያለው ሃይብሪድ ባትሪው ትልቅ ስለሆነ ሁሉንም ይቀበላል፣ ከቤት ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ካልወጣችሁ በስተቀር። በየቀኑ ደሴና ኮምቦልቻ ለሚመላለስ ሰው ሶኬት ያለው ተጨማሪ ብር የሚገባው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ለመመላለስ ብቻ ለሚፈልገው ግን ያን ያህል አይደለም። ረጅም መንገድ ላይ ባትሪው ካለቀ በኋላ ከባድ ባትሪ ተሸክሞ እንደ ሙሉ ሃይብሪድ የሚሄድ መኪና ነው።

ስትሞክሩት ጠፍጣፋ ሰፈር ውስጥ አንድ ዙር ዞራችሁ አትመለሱ። ሻጩ ኮምቦልቻ ከሆነ ሐረጎን ጥቂት ውጡና ውረዱ። ሞተሩ ሲነሳና ሲጠፋ ይንገጫገጫል? ፍሬኑ ሲያዝ ወጥ ነው ወይስ ይነጥቃል? የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል? የምትተማመኑበት መካኒክ ስካነር ይዞ ቢመጣ ለእሱ የምትከፍሉት ብር ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲታይ ምንም ነው።

ዜሮው ስንት ዓመቱ ነው?

«ዜሮ» የተባለ መኪና ሁሉ እኩል አዲስ አይደለም። በቻይና የተሠራ መኪና ሻንሲ ቁጥር 17 ፊደልና ቁጥር አለው። ከግራ ስትቆጥሩ 10ኛው የሞዴል ዓመቱን ይናገራል። «ፒ» ከሆነ 2023፣ «አር» ከሆነ 2024፣ «ኤስ» ከሆነ 2025 ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ጎማው ጎን ላይ ደግሞ አራት አሃዝ አለ። 2324 ካለ በ2024 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ነው። ፕላስቲኩ ያልተነሳ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ የሁለት ዓመት ጎማ ልታገኙ ትችላላችሁ። ሁለት ዓመት ፀሐይ ላይ የቆመ ሃይብሪድ ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ልትደክም ትችላለች፣ ትልቁም ባትሪ ያለ ሥራ ቆይቷል። ይህ መኪናውን መጥፎ አያደርገውም። ዋጋውን ግን ዝቅ ማድረግ አለበት፣ በተለይ አዲሱ ሞዴል ከወጣ።

ሌላም ነገር አለ። ቻይና ውስጥ አንዴ በስም ተመዝግበው ሳይነዱ ወደ ውጭ የሚላኩ መኪኖች አሉ። ኪሎ ሜትራቸው ዜሮ ነው፣ በወረቀት ግን ያገለገሉ ናቸው። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ሲመጣ ስክሪኑ ቻይንኛ ሊሆን ይችላል፣ የቻርጅ ሶኬቱም ጂቢቲ የሚባለው የቻይና ዓይነት። የአምራቹ ዋስትናም ብዙ ጊዜ ድንበር አይሻገርም። ብዙ አምራቾች ለትልቁ ባትሪ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋስትና ይሰጣሉ። ያ ዋስትና ኢትዮጵያ ውስጥ ማን ይፈጽመዋል? ሻጩ «ዋስትና አለው» ካለ የማን፣ ለስንት ጊዜ፣ የትኛው ጋራዥ፣ በጽሑፍ። ካልጻፈው ዋስትና የለውም ብላችሁ ዋጋውን በዚያው ልክ አውርዱ። ባትሪው ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ ውዱ ነው።

ንግግሩ

ቢያንስ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ (ሻጩ ዋጋውን በጽሑፍ የሚሰጥበት ወረቀት) ያዙ፣ ከአዲስ አበባም ጭምር። የመኪና ገበያው ልብ እዚያ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያለው ዋጋ ሲደመር እዚህ ማምጫው የክርክራችሁ ጣሪያ ነው። ማምጫ ስል ነዳጁን፣ ሹፌሩን ወይም መኪና የሚጭነውን ሎቤድ፣ የመንገድ ኢንሹራንሱን፣ የእናንተን ጉዞ ሁሉ ነው። የኮምቦልቻው ሻጭ ከዚህ በላይ ከጠራ ምክንያቱን ይንገራችሁ።

«መጨረሻው ስንት ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። ሁላችንም የምንለው ነው፣ ግን ቁጥሩን እሱ እንዲመርጥ መፍቀድ ነው። ስሌታችሁን ይዛችሁ ግቡ። እንዲህ እንበል፣ ሻጩ ኮምቦልቻ ያሉ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፣ መኪናዋን 4.5 ብለው ጠርተዋል።

«ሀጂ፣ 4.5 ያሉኝ ቫቷን ጨምሮ ነው?»

«ቫቱ ለብቻ ነው የኔ ልጅ።»

«እንግዲያው 675,000 ተጨመረበት። 5,175,000 ሆነ ማለት ነው። ስም ዝውውሩስ?»

«እሱ የገዢ ነው፣ የታወቀ ነው።»

«ይሁን። እኔ ግን ቁጥር ሲበዛ ይጠፋብኛል። ቫቱን፣ ስም ዝውውሩን፣ ታርጋውን፣ የደላላውን ሁሉ አካተው አንድ ቁጥር ይበሉኝ።»

«5.3 አድርገው።»

«ወረቀቷን አይቻለሁ ሀጂ፣ ከገባች ዘጠኝ ወር ሆኗታል። በገባችበት ሳሰላት ከነትርፍዎ 4.8 ላይ ትመጣለች። እኔ 4.9 ይዤ መጥቻለሁ።»

«በዚህ ሌላ አይመጣም እኮ።»

«ሌላ ሲያመጡ በዚያው ዋጋ ይሽጡልኝ። አሁን የቆመችው ይቺ ናት።»

ከዚህ በኋላ ዝም በሉ። ሻጩ ዝም ሲል ሰው ይቸኩልና በራሱ ላይ ይጨምራል። ቡናው ይጠጣ። ካልተስማማችሁ በሰላም ተነሱ፣ ስልካችሁን ተዉላቸው። ወሎ ላይ ተጣልቶ የሚወጣ ገዢ ተመልሶ አይገባም፣ ተመራርቆ የወጣ ግን በሦስተኛው ቀን ይደወልለታል።

ዋጋው አልነቃነቅ ሲል ምራቂ ጠይቁ። በአዲስ መኪና ላይ ትልቁ ምራቂ ተቀያሪ ጎማ ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች በተቀያሪ ጎማ ፋንታ ጎማ መለጠፊያና መንፊያ ብቻ ይዘው ይመጣሉ። ካራቆሬና ከሚሴ መካከል ጎማው ጎኑ ሲቀደድ መለጠፊያው ምንም አይሠራም። ቀጥሎ የቻርጅ ገመድ፣ ሶኬት ላለው። ከዚያ የመጀመሪያው ሰርቪስ። ምንጣፍና የመስታወት ላስቲክ የሚሰጧችሁ ከሆነ ተቀበሉ፣ ግን በእነሱ ምትክ 50,000 ብር እንዳትተዉ።

የደላላ ነገር። ኮሚሽኑ በልማድ 2 በመቶ ገደማ ይጠራል፣ በ5 ሚሊዮን ላይ 100,000 ብር ነው። ማን እንደሚከፍል መጀመሪያ ይነገር። ደላላው ከባለቤቱ ጋር ፊት ለፊት እንዳትገናኙ ካደረገ በመሐል የራሱን ጨምሮ እየሸጠ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱን ሳታዩ ዋጋ አትጨርሱ።

በባንክ ከሆነ

እንዴት እንደምትከፍሉ ዋጋው ሳይጨረስ አትናገሩ። ለሻጩ የእጅ በእጅ ገዢ ምሰሉት፣ ዋጋው ይቆረጥ፣ ከዚያ ባንክ ይመጣል። ወሎ ውስጥ ብዙ ሰው ከወለድ ነፃ የሆነውን ይመርጣል። ሙራባሃ በሚባለው አሠራር ባንኩ መኪናውን ራሱ ይገዛና የታወቀ ትርፍ ጨምሮ ለእናንተ በረጅም ጊዜ ክፍያ ይሸጥላችኋል። ባንኩ የሚነሳው እናንተ ከሻጩ ካመጣችሁት ፕሮፎርማ ነው። ስለዚህ ፕሮፎርማው ላይ ያስቀነሳችሁት 100,000 ብር መቶ ሺህ ብቻ አይደለም፣ በላዩ ላይ የሚታሰበውም ትርፍ አብሮ ይቀንሳል። «ባንክ ነው የሚከፍለው» ብሎ የሚዘናጋ ገዢ የሚከፍለው እዚህ ላይ ነው። ወለድ ባለው ብድርም ነገሩ ያው ነው።

ሌላው ጥፋት በወርሃዊ ክፍያ መደራደር ነው። «በወር ይህን ያህል ከቻልክ እናስተካክላለን» ከተባላችሁ ዓመቱ ይረዝማል እንጂ መኪናው አይረክስም።

ቀብድና ውል

ዋጋው ተቆረጠ፣ ቀብድ ይጠየቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ግልጽ ነው። ቀብድ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ሌላ ካልተስማማችሁ በቀር ገዢ ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ያጣል፤ ሻጭ ከቀየረ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህ በቁጥር 1883 እና በተከታዮቹ ያለ ነው። ብዙ ሻጭ «ሌላ ሰው ጨምሮ ሰጠኝ፣ ብርህን ውሰድ» ሲል ገዢው ብሩን ብቻ ተቀብሎ ይሄዳል። እጥፉን የመጠየቅ መብት አላችሁ። ለዚህ ግን የሰጣችሁት ብር «ቀብድ» ተብሎ በወረቀት መጻፍና በባንክ ማለፍ አለበት። «ቅድመ ክፍያ» ከተባለ ክርክሩ ሌላ ይሆናል።

መኪናው «ገና ጅቡቲ ነው፣ በመንገድ ላይ ነው» ከተባለ የበለጠ ተጠንቀቁ። ያላያችሁት መኪና ላይ የሻንሲ ቁጥር በውሉ ይግባ። የማስረከቢያ ቀን ይግባ፣ ቀኑ ካለፈ የሚሆነውም ይጻፍ። «የምንዛሪ ለውጥ ካለ ዋጋው ይስተካከላል» የምትል አንዲት መስመር ውሉ ውስጥ ካለች እስካሁን የተደራደራችሁት ሁሉ በዚያች መስመር ይፈርሳል። ይሰረዝልኝ በሉ፣ ወይም ከስንት በመቶ በላይ እንደማይጨምር ጣሪያ አስቀምጡበት።

በመጨረሻ የሚመጣው የታወቀው ጥያቄ ነው፣ «ውሉ ላይ ዝቅ አድርገን እንጻፈው፣ ለሁለታችንም ይሻላል።» አይሻልም። ነገር ከተበላሸና ፍርድ ቤት ከደረሰ የምትጠይቁት የተጻፈውን ነው። 4.9 ከፍላችሁ 2.5 ብላችሁ ከፈረማችሁ 2.4 ሚሊዮኑን ለማን ታስረዳላችሁ? ኢንሹራንስም የከፈላችሁትን ዋጋ በሰነድ አሳዩ ሲላችሁ የምታወጡት ያው ውል ነው። የከፈላችሁትን ጻፉ፣ ደረሰኙን ከነቫቱ ተቀበሉ፣ ብሩን ከውሉ ጋር በአንድ ቀን በባንክ አስተላልፉ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ወረቀት ላይ ካለው ጋር ኮፋኖውን ከፍታችሁ በራሳችሁ ዓይን አስተያዩ፣ ከዚያ ቁልፉን ተቀበሉ።